አርባ ሦስት ጊዜ የተመለሰው ሌባ

የቤት ሠራተኛዋ ሬሕማ የወተት ሻዩ እንዳይገነፍል ምድጃው ፊት ቆማ ስትጠብቅ ነው፣ አሠሪዋ ባሽመሃንዲስ አብዱልወሃብ ሳሎን ውስጥ ሆነው «አርባ ሦስት! በአንድ ሳምንት አርባ ሦስት ሌባ! ታዲያ ይሄ ሰውዬ በር ላይ ምን ይሠራል? ኸላስ! ዛሬ ከመግሪብ ሶላት በፊት ጓዙን ጠቅልሎ ይሂድልኝ» ሲሉ የሰማቻቸው። ሻዩ ገነፈለ። «ይሄ ሰውዬ» የተባለው ማን እንደሆነ ለመጠየቅ አላስፈለጋትም፤ በዚያ ቤት ሌባ በመመለስ እንጀራውን የሚበላው የግቢው ዘበኛ ቢልልኝ ብቻ ነው። ከሚስታቸው ከሐጃ ሉጥፊያ በኩል የሰማችው የሳህን ድምፅ ነው፤ ሐጃ ሰሞኑን ቁርስ ላይ ዳቦውን ገፋ፣ ዱባውን ሳብ፣ እንደገና ዳቦውን ሳብ ማድረግ ጀምረዋል። ሬሕማ ደንግጣ የፈሰሰውን ወተት በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። ያስደነገጣት የቢልልኝ መባረር ብቻ አይደለም፤ ሌባው ማን እንደሆነ አውቃለሁ ብላ ታስብ ስለነበር ነው።

ነገሩ የመጣው ከልጃቸው ከሂሻም ነው። ሂሻም ዶሃ የሚሠራ የኮምፒዩተር ሰው ሲሆን፣ ባለፈው ሳምንት ለእረፍት መጥቶ ከኢንተርኔቱ ሳጥን ጎን ሌላ ትንሽ ጥቁር ሳጥን አስቀመጠ፤ መብራት ሲጠፋ እንዲሠሩም ለሳጥኖቹም ለአባቱ ኮምፒዩተርም ባትሪ አበጀላቸው። ሳሎን ባለው የአባቱ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ በዐረብኛ የሚጽፍና እንደ ዳክዬ የሚጮህ ነገር ጫነ። ስሙ ጂዳር ናሪ ነው አለ፤ የእሳት ግንብ። ያልተፈቀደለት በዚህ ግንብ አያልፍም፣ ሲሞክር ኮምፒዩተሩ ይነግራችኋል ብሎ፣ አባቱ ዓሣ እየበሉ ሳለ በአምስት ደቂቃ አስረድቶ፣ በማግስቱ ወደ አውሮፕላኑ ሮጠ። ባሽመሃንዲስ እንደ ማዕረጋቸው መሐንዲስ ሆነው ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ መንገድና ድልድይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከልጃቸው ንግግር ሁሉ ጆሯቸው ውስጥ የቀረው «ግንብ» የሚለው ብቻ ነበር፤ ስለ ግንብ ደግሞ እሳቸውን የሚያስተምር አልተወለደም።

ስለዚህ ዳክዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኾ ማያው ላይ «ማስጠንቀቂያ፦ ያልታወቀ መሣሪያ። ያልተፈቀደ ሙከራ። በግንቡ ታግዷል» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ፣ ባሽመሃንዲስ ሜትራቸውንና የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው ወደ አጥሩ ሄዱ። የእግር ዱካ አጡ። በማግስቱ ሙከራው ሲደገም በአጥሩ ጫፍ ላይ የተሰበረ ጠርሙስ በሲሚንቶ አስተከሉ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ረድፍ ብሎኬት አስጨመሩ፤ የብሎኬት ዋጋ በሰፈራቸው በአል-ማንሺያ ምን እንደደረሰ ለሰማ ሁሉ ለሁለት ቀን ሲያወሩ ከረሙ። ዳክዬው ግን መጮሁን አልተወም። ባሽመሃንዲስ መሰላል ላይ ወጥተው ጠርሙሱን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ደም ስላላገኙ፣ ሌባው ወፍራም ጫማ የሚያደርግ ነው ብለው ደመደሙ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጽሑፎቹን ቁጭ ብለው ቢቆጥሯቸው አርባ ሦስት ሆኑ።

ቢልልኝ በር ላይ አንገረቡ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ላይዋ ጠፍር፣ እግሯ እንጨት የሆነችው የሱዳን አልጋ ለአሥራ አንድ ዓመት የሱን ቅርጽ ይዛለች። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሃምሳ አምስት ዓመት ያለፈው የጎጃም ሰው ነው። ሬሕማ ሻይ ስታመጣለት ብርጭቆውን ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ጋሽ ቢልልኝ፣ ሰሙ እንዴ?»

«ሰማሁ እንጂ። ስንት ሌባ ዘለለ ነው የሚሉት?»

«አርባ ሦስት።»

«አርባ ሦስት ሰው በዚህ ቢያልፍ እኮ ሰርግ ነው የሚባል» አለ ቢልልኝ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኔን ያለፈኝ አንድ ድመት ነው። እሱንም አውቄ ነው ያሳለፍኩት።» ሦስት ሌሊት ሙሉ በአጥሩ ዙሪያ ሲዞር አድሮ ዓይኑ ቀልቷል። ሻዩ ላይ ዝንብ ስታርፍ እንኳን አላባረራትም።

ሬሕማ ሌባው እኔ ነኝ ብላ ያሰበችው በምክንያት ነው። ወደ ሱዳን ስትመጣ ኮምቦልቻ ከእናቷ ጋር የተወቻት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቻት፣ ዘሃራ። ሬሕማ ሁልጊዜ የፈጅር ሶላቷን ስትጨርስ፣ ልጅቷ ወደ ትምህርት ቤት ሳትወጣ፣ በኢሞ ቪዲዮ ትደውልላታለች። የምትደውለው በቤቱ ዋይፋይ ነው። ቁልፍ ቃሉን ማንም አልሰጣትም፣ ማንም አልከለከላትም፤ ፍሪጁ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ተጽፎ ነበር፣ ፍሪጁን ስትወለውል ወለወለችውና አብራ በቃሏ ያዘችው። ባሽመሃንዲስ ጮክ ብለው እንደሚያነቡት ደግሞ፣ ኮምፒዩተሩ ከሙከራዎቹ ብዙዎቹ የተደረጉት አምስት ከአሥር ላይ ነው ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ማለት ነው። በዚያ ሰዓት በዚያ ቤት የምታውቀው ንቁ ሰው እሷ ብቻ ናት። ያልታወቀ መሣሪያ የተባለው ያ ጥጉ የተሰነጠቀ ስልኳ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? እኔ ነኝ ብትል ተባራሪዋ እሷ ናት። ዝም ብትል ጋሽ ቢልልኝ ነው። ሳሎኑን ስታጸዳ ባሽመሃንዲስ መታጠቢያ ቤት እስኪገቡ ጠብቃ፣ ማያውን ከላይ እስከ ታች በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ሐጃ ሉጥፊያ ጀርጂር የሚሉትን የሰላጣ ቅጠልና ኪያር እንድትገዛ ሲልኳት ደግሞ ገበያውን ለመልስ ትታ፣ ሐበሾች ወደሚበዙበት ወደ ዴም ሰፈር በቀጥታ የሚሄድ አምጃድ፣ ትንሽ ሚኒባስ ላይ ተሳፈረች።

አምጃዱ ለሰባት ሰው ተሠርቶ አሥር ጭኗል። ሾፌሩ የቤንዚን ዋጋ በጨመረ ቁጥር ታሪፍ እንደሚጨምር፣ ታሪፍ በጨመረ ቁጥር ሚስቱ የአስቤዛ እንደምትጨምርበት እየተናገረ ዴም ደረሱ። የፈለገችው የስልክ ጠጋኙ የሰብስቤ ሱቅ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤትና ከአንድ ልብስ ሰፊ መሃል እንደ ቁም ሣጥን ተሰክታ ያለች ናት። ሰብስቤ ድሮ ደሴ ኤሌክትሪክ ያስተምር የነበረ፣ ራሱ የተመለጠ፣ ግንባሩ ላይ የማጉያ መነጽር እንደ ሦስተኛ ዓይን ያሰረ ሰው ነው። ስልክ ይጠግናል፣ ኮምፒዩተር ያክማል፣ ተማሪ ስለሌለው ደንበኛውን ያስተምራል። ሬሕማ ፎቶውን አሳየችው። ሰብስቤ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አውርዶ አንድ በአንድ አነበበው፤ ዐረብኛው ከሷ ይሻላል።

«ይሄማ ፋየርዎል ነው» አለ። «ማነው ሌባ ነው ያለሽ?»

«ባሽመሃንዲስ ናቸዋ። ዘበኛውን ሊያባርሩት ነው።»

«ስሚ እህቴ። ይሄ ራሱ ዘበኛ ነው። ደብተር የያዘ ዘበኛ በይው። በኢንተርኔቱ በር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያውቀውን ያሳልፋል፣ የማያውቀውን ይመልሳል። ሲመልስ ደግሞ ‹መለስኩት› ብሎ ይጽፋል፣ ይጮኻል። ታግዷል ይላል አይደል? ታግዷል ማለት አልፏል ማለት አይደለም። ዘበኛው ሥራውን ሠራ ነው። መሬት ላይ ካለው አጥርማ ምን አገናኘው?»

«ሁለት ረድፍ ብሎኬት አስጨምረዋል» አለች ሬሕማ።

ሰብስቤ ዓይኑን ጨፈነ። «መዓሊሽ፣ ግድ የለም፣ ብሎኬት አይበላሽም። ደግሞ አርባ ሦስት ሌባ የለም፣ አንድ ነው። በቤቱ ኢንተርኔት ላይ የሚገባ ዕቃ ሁሉ፣ ስልኩም ቴሌቪዥኑም፣ የየራሱ ቁጥር አለው። እዚህ የተጻፉት ሁሉ መጨረሻቸው አሥራ ሰባት ነው። አሥራ ሰባት ቁጥር አርባ ሦስት ጊዜ ሄደ፣ አርባ ሦስት ጊዜ ተመለሰ።»

ሬሕማ ዞር ብላ ልብስ ሰፊው አለመስማቱን አረጋገጠች። «አሥራ ሰባት ቁጥር እኔ ነኝ» አለችው በሹክሹክታ፣ ስለ ዘሃራና ስለ ፍሪጁ ወረቀት ሁሉንም ነገረችው።

«ዛሬ ጠዋት ከልጅሽ ጋር አወራሽ?»

«አዎ፣ የወለቀ ጥርሷን አሳየችኝ።»

«ጥርት ብሎ ታየሽ?»

«ድዷ ሳይቀር።»

«እንግዲያው አንቺ አይደለሽም። ከበር የተመለሰ ሰው ድድ አያይም» አለ ሰብስቤ። ሬሕማ የሱቁን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ሰብስቤ ግን ገና ማስተማሩን አልጨረሰም። ጣቱን ፎቶው ላይ አድርጎ በየመስመሩ ያለውን ቀስት አሳያት። ሌባ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚመጣው፤ ይሄኛው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ቤት ውስጥ ያለ አንድ ነገር ወደ ውጭ መልእክት ሊልክ ይታገላል፣ ግንቡ ስለማያውቀው ይመልሰዋል። ሰዓቱንም አሳያት። ንጋት ላይ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አራት ጊዜ። ከምሳ በኋላ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አራት ጊዜ። አንዳንድ ቀን አምስት። «ይሄ እንዲሁ የሚንጣጣ ማሽን አይደለም» አለ። «የሚነካው ሰው አለ። ሲጮህ ማን የት እንዳለ ተመልከቺ፣ ያኔ ታገኚዋለሽ።» ለምክሩ ዋጋ አልተቀበላትም፤ የስልኳን ስንጥቅ ግን በጣቱ እየዳሰሰ መስታወቱ ስንት እንደገባ ነገራት፣ ሬሕማም ኢንሻአላህ ብላ ቶሎ ተነሳች።

ስትመለስ አምጃዱ ውስጥ የጀርጂር እስር አቅፋ፣ ከቤቱ መውጣት የሚፈልገው ማን ይሆን እያለች ታስብ ነበር። ቴሌቪዥኑን ጠረጠረች፤ አንድ ጊዜ ማንም ሳይነካው በርቶ የአየር ሁኔታ ሲያነብ አግኝታዋለች። ማተሚያ ማሽኑን ጠረጠረች። ለመውጣት የሚታገል ነገር ሁሉ እንግዳ ሆነባትና፣ እሷ ራሷ ስንቴ ተነሥቼ ልሂድ ብላ እንደነበር አስታውሳ ብቻዋን ፈገግ ስትል አጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት የተጠቀለሉትን የሱዳን ልብስ፣ ቶባቸውን፣ ሰብስበው ፈቀቅ አሉላት።

ቤት ስትደርስ ነገሩ አልቆ ጠበቃት። ባሽመሃንዲስ ለአንድ የጥበቃ ድርጅት ደውለው የዐስር ሶላት ሲደርስ አዲስ ሰው እንዲልኩላቸው አዝዘዋል፤ ቢልልኝም ከክፍሉ ፍራሹን አውጥቶ እየጠቀለለ ነበር። ያለው ንብረት ፍራሹ፣ ሬዲዮው፣ ሁለት ጀለቢያና ዱላው ነው። ዱላውን ከፍራሹ ጋር ይሰር ወይስ በእጁ ይያዝ እያለ ሁለት ጊዜ አስሮ ሁለት ጊዜ ፈታው። ሬሕማ ጀርጂሩን እንደያዘች ሳሎን ገባች። በዚያ ቤት ሳሎን ገብታ ሳትጠራ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

«ባሽመሃንዲስ፣ ጋሽ ቢልልኝን አያባርሩት። አንድ የምነግርዎ ነገር አለኝ። እኔ ከልጄ ጋር በቤቱ ዋይፋይ ሳወራ ነው የከረምኩት፣ ሳላስፈቅድ። ግን አሥራ ሰባት ቁጥር እኔ አይደለሁም።»

ባሽመሃንዲስ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት፣ መልሰው አድርገው አዩዋት። ከተናገረችው ውስጥ የያዙት ቁጥሩን ነበር። «አሥራ ሰባት ምንድን ነው?» አሉ። ሬሕማ ሰብስቤ ያስተማራትን፣ ዘበኛውን፣ ደብተሩን፣ ቀስቱን፣ ሁሉንም በተሰባበረ የሱዳን ዐረብኛዋ ነገረቻቸው። ሽማግሌው እየሰሙ ቀስ በቀስ ከተደገፉበት ቀና አሉ። ቁጥርና ቀስት ያለበትን ነገር ካገኙ ብዙ ጊዜያቸው ነበር። የኮምፒዩተሩን ማውስ ያዙና ሂሻም ያሳያቸውን ሌላ ገጽ ፈልገው ከፈቱት፤ በቤቱ ኢንተርኔት የሚገባ ዕቃ ሁሉ በተራ ተጽፎበታል። የባባ ስልክ፣ የተፈቀደ። የማማ ስልክ፣ የተፈቀደ። ቴሌቪዥን፣ ማተሚያ፣ የተፈቀደ። ከዚያ በታች ባሽመሃንዲስ ጣታቸውን አሳርፈው «ሬሕማ፣ የተፈቀደ» ብለው ጮክ አድርገው አነበቡ። «ሂሻም ራሱ ጽፎሽ ሄዷል እኮ። ምን ያስፈራሻል?» ሬሕማ ዐረብኛ ማንበብ አትችልም፤ ቢሆንም አጎንብሳ ያቺን መስመር ለረጅም ጊዜ አየቻት። ጀርጂሩ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ከሁሉ በታች አንድ ብቻ ቀርቷል። አሥራ ሰባት፣ ያልታወቀ። ባሽመሃንዲስ እጃቸውን አፋተጉ። የግንብ ጉዳይ ቀርቶ የምርምር ጉዳይ ሆኗል። «ሁሉንም ዕቃ ከከህረባው እንነቅላለን፣ አንድ በአንድ። ያላ!» ብለው ገና ወደ ቴሌቪዥኑ ሲራመዱ፣ ከህረባው፣ ኤሌክትሪኩ ራሱ ጠፋ። በሰፈሩ ሁሉ ማቀዝቀዣው ጸጥ አለ። ኮምፒዩተሩና ሁለቱ ሳጥኖች ብቻ በባትሪያቸው መብራታቸውን እያበሩ ቀሩ። «አልሐምዱሊላህ፣ መንግሥት ነቀለልን» አሉ ባሽመሃንዲስ። ቢልልኝን በመስኮት ጠርተው ግባ አሉት። ቢልልኝ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያንን ምንጣፍ ረግጦ አያውቅም፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ዱላውን ይዞ ጥግ ላይ ቆመ። ሦስቱም ማያውን ያዩ ጀመር። ሙቀቱ እየከበደ መጣ። ባሽመሃንዲስ ያባረሩትን ሰው በምን ዓይን ይዩት፣ ቢልልኝም ያባረሩትን ሰው በምን ዓይን ይያቸው። ከዚያ ዳክዬው ጮኸ።

ቢልልኝ ዱላውን አነሣ። ባሽመሃንዲስ «አትምታው! ኮምፒዩተር ነው!» አሉ። እንደገና ጮኸ። ሦስተኛ። አራተኛ። አሥራ ሰባት ቁጥር ከህረባ በሌለበት ቤት አራት ጊዜ ለመውጣት ሞክሮ አራት ጊዜ ተመለሰ። ሬሕማ ሲጮህ ማን የት እንዳለ ተመልከቺ የተባለችውን አሰበች። ባሽመሃንዲስ እዚህ ናቸው። ቢልልኝ እዚህ ነው። እሷም አለች። ፎቅ ላይ «ከምሳ በኋላ ጋደም ልበል» ብለው የወጡት ሐጃ ሉጥፊያ ብቻ ናቸው የሌሉት። «ለሐጃ ውሃ ላድርስ» ብላ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወጣች፤ ውሃውን ግን ረሳችው።

በሩን አንኳኩታ ስትገፋው፣ ሐጃ ሉጥፊያ የቁም ሣጥኑን እጀታ በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በስሱ የሌሊት ልብስ ብቻ፣ አንድ የመስታወት ሰሌዳ ላይ በአንድ እግራቸው ቆመዋል። አልጋው ላይ መጀመሪያ ቶባቸው ታጥፎ፣ ቀጥሎ ቀሚሳቸው፣ ቀጥሎ ስድስት የወርቅ አምባራቸው፣ በመጨረሻ የጆሮ ጌጣቸው በተርታ ተደርድሯል። ሬሕማ ያንን ሰሌዳ ታውቀዋለች፤ አልጋ ሥር ስትጠርግ በየቀኑ እያነሣች ታስቀምጠዋለች። ልጃቸው ፋሪሃ ከጅዳ የላከችው ሚዛን ነው። አራት ጊዜ ለምን እንደሚጮህ በዚያች ቅጽበት ገባት፤ ቶብ፣ ቀሚስ፣ አምባር፣ ጆሮ ጌጥ።

«በሩን ዝጊው!» አሉ ሐጃ፣ ሁለተኛውን እግር እያወረዱ።

«ሐጃ፣ እዚህ ላይ ሲወጡ ታች ያለው ኮምፒዩተር ይጮኻል።»

ሐጃ ሉጥፊያ በድንጋጤ አልጋው ላይ ተቀመጡ። «ይናገራል? ምን ይላል?»

«አሥራ ሰባት ይላል።»

የሐጃ ፊት እንደ ጨረቃ በራ። «አሥራ ሰባት ቀነስኩ?»

«ኪሎ አይደለም ሐጃ፣ የዕቃው ቁጥር ነው።»

ፊታቸው ተመልሶ ጠቆረ። ቀስ እያሉም ነገሯት። ፋሪሃ ለእናቷ የስኳር በሽታና ለጉልበታቸው ስትል ሚዛኑን የላከችው፣ እናቷ ላዩ ላይ በወጡ ቁጥር ኪሏቸው ጅዳ ባለው ስልኳ ላይ እንዲደርሳት አድርጋ ነው። በመጀመሪያው ወር ስልኩ በደወለ ቁጥር ወሬው ሁሉ «ማማ፣ ትናንት ባስታ፣ ያንን ጣፋጭ፣ በልተሻል» ሆነባቸው። ስለዚህ ሐጃ ባለፈው ሳምንት ሚዛኑ ተሰበረ አሉና አልጋ ሥር ሸሸጉት። ነገር ግን ሳይታዩ መመዘኑን መተው አልቻሉም። ሰው ፊት ሊነገር የሚችል ቁጥር የመጣ ዕለት ሚዛኑ ተጠገነ ሊሉ ነበር። የሂሻም ግንብ ከተተከለ ወዲህ ጅዳ የደረሰ ኪሎ ባለመኖሩ ፋሪሃም አምናለች። ሬሕማ በትዕግሥት ሰምታ ስትጨርስ፣ ቢልልኝ ታች ፍራሹን ጠቅልሎ እንደሚጠብቅ ነገረቻቸው።

«አርባ ሦስቱም እኔ ነኝ?»

«አሁን አርባ ሰባት ሆነዋል፣ ሐጃ።»

ሐጃ ሉጥፊያ የጆሮ ጌጣቸውን አንሥተው አንዱን ሰኩ፣ ሌላውን በእጃቸው ይዘው ቀሩ። ለባላቸው መናገር የከበዳቸው ይመስላል። አብዱልወሃብ ሲስቅ በምሳ ጊዜ ብቻ አይደለም የሚስቀው፤ በሰው ፊት፣ በሰርግ፣ በለቅሶ ቤት ይደግመዋል። በመጨረሻ ግን ሬሕማን ከዚህ በኋላ ለማንም እንዳትናገር ቃል አስገብተው ቶባቸውን ተጠቀለሉ፣ ሚዛኑን እንደ ትሪ ብብታቸው ሥር አድርገው ወረዱ። ቢልልኝን በእጃቸው ምልክት ወደ ግቢ ካስወጡት በኋላ ሚዛኑን በእምነ በረዱ ወለል ላይ ባላቸው እግር ሥር አስቀመጡት።

«ሌባህ ይኸውልህ» አሉ። ከዚያ ወጡበት። ዳክዬው ጮኸ።

ባሽመሃንዲስ ሚዛኑን አዩ፣ ኮምፒዩተሩን አዩ፣ በመስኮት ሁለት ረድፍ ብሎኬት የተጨመረበትን አጥር አዩ። ጢማቸው ሥር አንድ ነገር ይንቀሳቀስ ጀመር።

«ከሳቅህ!» አሉ ሐጃ።

«አልሳቅኩም።»

«እንግዲያው አንተም ውጣ።»

ባሽመሃንዲስ ጉዳዩ የምርምር ነው ብለው ወጡ። ዳክዬው ጮኸ፤ ሰሌዳው አንድ መቶ ስምንት አለ። ወረዱ። ስልካቸውን ከጀለቢያቸው ኪስ አወጡ፣ ሰዓታቸውን ፈቱ፣ እንደገና ወጡ። ዳክዬው እንደገና ጮኸ፤ አንድ መቶ ስምንት። «ወለሉ ውሃ ልኩን አልጠበቀም» አሉ። ወለሉን ያስነጠፉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሬሕማ ሳቋን ለመዋጥ ጀርጂሩን አፏ ላይ አስጠጋችው። ባልና ሚስት ሳይተያዩ ጎን ለጎን ቆመው ሰሌዳው ራሱ ደክሞት እስኪጠፋ ድረስ ያንን ቁጥር ቁልቁል አዩት። ከዚያ ባሽመሃንዲስ ለሂሻም ደውለው ድምፁን ከፍ አደረጉት።

ሂሻም ነገሩን ሁሉ ሰምቶ እስኪበቃው ሳቀ። ደግሞም የመሐንዲስ ልጅ ነውና መፍትሔውን ወዲያው አቀረበ። «ባባ፣ አታስቡ፣ ከዚህ ሆኜ እፈቅድለታለሁ። ሚዛኑ ያልተላከውን ሁሉ ይዞ ስላስቀመጠ፣ እንደተከፈተ የሁሉም ኪሎ በአንዴ ለፋሪሃ ይደርሳታል። ልክፈተው?»

«አትክፈት!» አሉ ሐጃ ሉጥፊያና ባሽመሃንዲስ አብዱልወሃብ እኩል። ከዓመታት ወዲህ በአንድ ቃል ሲስማሙ ሬሕማ የሰማችው ያን ጊዜ ነው።

የዐስር ሶላት ሲደርስ አዲሱ ዘበኛ የተተኮሰ ዩኒፎርም ለብሶ መጣ። ባሽመሃንዲስ እስከ በር ድረስ ራሳቸው ሄደው የትራንስፖርቱን ሰጥተው መለሱት። ከዚያ ወደ ቢልልኝ ዞሩ። ይቅርታ መጠየቅ የማያውቁበት ሰው ስለሆኑ የፍራሹን አንድ ጫፍ ይዘው ወደ ክፍሉ በመመለስ ጀመሩ፤ ቢልልኝም ሌላውን ጫፍ ይዞ ተከተላቸው። ፍራሹ ከተዘረጋ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ሌባው ተገኝቷል» አሉ። «ከውጭ አልነበረም፣ ከውስጥ ነው። አንተ ጥፋት የለብህም። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።» ብለው ገቡ።

ቢልልኝ ከውስጥ የሚለውን ይዞ አሰበ። ከውስጥ ማን አለ? ባሽመሃንዲስ አሉ፣ ሐጃ አሉ፣ እነሱ የገዛ ቤታቸውን አይሰርቁም። ሬሕማ ልብስ ልትሰቅል ወደ ግቢ ስትወጣ ዓይኑን ከላይዋ አላነሣም። «ሬሕማ፣» አላት ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ችግር ካለብሽ ለኔ ትነግሪኝ አልነበር? ከዚህ ቤት ዕቃ ታወጪያለሽ ብዬ በሕልሜም አላስብም።» ሬሕማ የሐጃን ምሥጢር ላለመናገር ቃል ገብታለች። እርጥብ አንሶላ በእጇ እንደያዘች ቆመች፤ ቀኑን ሙሉ የሮጠችለት ሰው እንደ ሌባ ሲያያት እንባዋ መጣ። ሳቋም መጣ። የትኛው እንደሚቀድም ሳታውቅ፣ ከፎቅ የበረንዳው በር በኃይል ተከፈተ።

ሐጃ ሉጥፊያ የሬሕማን እንባ በመስኮት አይተው ኖሮ፣ ቶባቸው ከራሳቸው ላይ ወርዶ፣ አምባራቸውን ሁሉ አድርገው፣ በሁለት እጃቸው የበረንዳውን ብረት ያዙ። «ቢልልኝ!» አሉ፣ ድምፃቸው አጥሩን ተሻግሮ የጎረቤቱን ዘበኛ ሬዲዮ እስኪያስዘጋው ድረስ። «ልጅቷን ተዋት! ሌባዋ እኔ ነኝ!»

ቢልልኝ ኮፍያውን አወለቀ። ሐጃን አየ፤ ከሐጃ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ጠርሙሱ አየ። አርባ ሦስት ጊዜ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዓይነ ሕሊናው የሳለው ይመስል በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ።

«ሐጃ» አላቸው በትሕትና፣ «መውጣት ከፈለጉ በአጥር ላይ ምን አንከራተተዎ? ቢነግሩኝ በሩን እኔው እከፍትልዎ አልነበር?»